ቪትዝዎ ሰኞ ጠዋት ለምን አልነሳ አለ? ሦስተኛ ባትሪ ከመግዛትዎ በፊት

ጥያቄ፦ «የ2004 ሞዴል ኦቶማቲክ ቪትዝ አለኝ። የምኖረው አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ባትሪ ቀየርኩ። በተለይ ሰኞ ጠዋት ቁልፍ ሳዞር ትክ ትክ ትክ ብቻ ይላል፤ ከሌላ መኪና ባትሪ ካልተበደርኩ አይነሳም። ቀን ሙቀት ላይ ደግሞ አልፎ አልፎ አንዴ ጠቅ ብሎ ዝም ይላል፤ ሦስት አራቴ ስሞክር ይነሳል። ማታ ስነዳ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የባትሪ ምልክት ደብዘዝ ብሎ ይበራል። አንድ ኤሌክትሪሺያን ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታና መኪናው ስላልጠፋ ‹ዲናሞው ደህና ነው፣ ሞተሪኖ ቀይር› አለኝ። ሌላው ደግሞ ባትሪው ኦሪጅናል አይደለም ይላል። ከስድስት ወር በፊት አንድሮይድ ስክሪንና ጂፒኤስ አስገጥሜያለሁ። ከቤት እስከ ሥራ አሥር ደቂቃ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ አልነዳም። ምን ልቀይር?»

መልስ፦ ለጊዜው ምንም አይቀይሩ። በጻፉት ውስጥ ያለው አንድ ሳይሆን ሦስት ምልክት ነው፤ ሁለቱም ባለሙያዎች ግን ሦስቱን በአንድ ዕቃ ሊያስታርቁ ሞከሩ። ሰኞ ጠዋት የሚሰማው ተከታታይ ትክትክታ ባትሪው ባዶ መሆኑን ይናገራል፤ ቀኑ ሰኞ መሆኑ ደግሞ መኪናው ቆሞ ሳለ ባትሪውን የሚበላ ነገር እንዳለ ይጠቁማል። ማታ የሚደበዝዘው ምልክት የዲናሞው (ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላው ዕቃ) ጉዳይ ነው። ቀን ሙቀት ላይ የሚሰማው አንድ ጠቅታ ከሁለቱም ላይገናኝ ይችላል፤ እሱ ከሞተሪኖው (ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ዕቃ) ወይም ከገመዱ ነው። ባትሪው የሦስቱንም ዕዳ እየከፈለ ስለሆነ ሦስተኛውም ቢገዛ እንደ ፊተኞቹ ያልቃል።

የሚያስፈልግዎ ዕቃ ትንሽ ነው። ማንኛውም የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ የማይጠፋው ርካሽ ዲጂታል ቴስተር፣ 10 ቁጥር መፍቻ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ቁልፍ የሚያዞርልዎ አንድ ሰው፤ በቃ። ቮልት ሲለኩ መራጩን ዲሲ 20 ላይ ያድርጉት፤ ጥቁሩ ገመድ «ኮም» በተባለው ቀዳዳ፣ ቀዩ የቮልት ምልክት ባለበት ቀዳዳ ይግባ። አንድ ነገር ብቻ ከአሁኑ ይጠንቀቁ፦ አምፔር ከለኩ በኋላ ቀዩን ገመድ ከ10 አምፔር ቀዳዳ ሳያወጡ የባትሪውን ሁለት ጫፍ ቢነኩ ሾርት ሆነ ማለት ነው። ብዙዎቹ ርካሽ ቴስተሮች በዚያ ቀዳዳ በኩል ፊውዝ ስለሌላቸው ገመዱ እጅዎ ላይ ይቀልጣል።

ወደ ልኬቱ ከመግባታችን በፊት ስለዚያ ኔጌቲቭ የመፍታት ነገር። ከካርቡራተር ዘመን የቀረ ልማድ ነው፤ ዛሬም በየጋራዡ አለ። የሚያሳየው ዲናሞው ትንሽ ነገር ማመንጨቱን ብቻ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጡት) ለመሥራት ጥቂት አምፔር ስለሚበቃው ግማሽ ጤና ያለው ዲናሞም ፈተናውን ያልፋል። ስለዚህ «አልጠፋም» ማለት «ደህና ነው» ማለት አይደለም። ጉዳቱ ደግሞ ከጥቅሙ ይብሳል፦ ባትሪው የዲናሞውን የቮልት መዝለል የሚውጥ ትራስ ነው፤ ዲናሞው እያመነጨ ሳለ ትራሱ ድንገት ሲነሳ ቮልቱ ለቅጽበት ከ40 በላይ ሊወጣ ይችላል። ያን ጊዜ የሚቃጠለው የዲናሞው ዳዮድ (ኤሌክትሪክን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው) እና ሬጉሌተር (ቮልቱን የሚቆጣጠረው)፣ የሞተሩ ኮምፒውተር ወይም ያ አዲሱ ስክሪን ነው። ከእንግዲህ ማንም በመኪናዎ ላይ እንዲህ እንዲያደርግ አይፍቀዱ።

አሁን ከባትሪው እንጀምር። መኪናው ካደረ በኋላ፣ ጠዋት ቁልፍ ሳይነካ፣ ቴስተሩን በሁለቱ የባትሪ ጫፎች ላይ ያድርጉ። በሩን ሲከፍቱ የጣራው መብራት ይበራልና መልሰው ዘግተው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። 12.6 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሙሉ ነው። 12.4 ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 ሩብ ያህል ነው፤ ከ11.9 በታች ባዶ በሉት። በቻርጀር በደንብ ከተሞላና ካረፈ በኋላም ወደ 10.5 አካባቢ የሚቆም ከሆነ ከስድስቱ ሴሎች አንዱ ሞቷል፤ እያንዳንዱ ሴል ወደ 2.1 ቮልት ስለሚሰጥ ጉድለቱ በቁጥር ይታያል። ያ ባትሪ አይድንም።

ባትሪ በግማሽ ባዶ ሲቆይ ሰሌዳዎቹ ላይ የሚጋገረው ሰልፌት ይጠነክርና መሙላትን እምቢ ይላል። በዚህ ላይ የአዳማን ሙቀት ይጨምሩበት። የባትሪ ዕድሜ ከሙቀት ጋር ያለው ግንኙነት ጨካኝ ነው፤ በግምት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል ይባላል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ኮፈን ሥር ያለው ሙቀት ደግሞ ከውጭው አየር በብዙ ይበልጣል። ስለዚህ «ባትሪው ኦሪጅናል አይደለም» ያለው ሰው ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል ባይባልም፣ ሁለት ባትሪ በአንድ ዓመት የሚገድል መኪና ግን ኦሪጅናሉንም ይገድለዋል።

ቀጥሎ የሚታየው ብዙ ሰው የሚንቀው ነገር ነው፦ ገመዱ ባትሪው ላይ የተያዘበት ተርሚናል። ቪትዝና መሰል ትንንሽ የጃፓን መኪኖች ቀጭን ጫፍ ያለው ባትሪ ይዘው ነው የሚመጡት (ጎኑ ላይ 34ቢ19 የሚል ዓይነት ጽሑፍ ይኖረዋል)። የቀጭኑ ፖዘቲቭ ጫፍ ውፍረት ወደ 14.7 ሚሊሜትር፣ ኔጌቲቩ ወደ 13 ነው። ወፍራም ጫፍ ያለው ባትሪ ደግሞ ፖዘቲቩ 19.5፣ ኔጌቲቩ 17.9 ገደማ ነው። አንዴ ወፍራም ባትሪ ገጥሞ ተርሚናሉን ያስፋፋ ወይም በወፍራም የቀየረ መኪና፣ በኋላ ቀጭን ባትሪ ሲገባበት ተርሚናሉ እስከ መጨረሻው ቢጠበቅም አይነክስም። ያን ጊዜ ነው ሚስማር፣ ቆርቆሮ ቁራጭ ወይም የሽቦ ጥቅል በመሀል የሚሰገሰገው። መብራትና ሬዲዮ በዚያ ሚስማር ላይ ያለ ችግር ይሠራሉ፤ ሞተሪኖው ከመቶ አምፔር በላይ ሲጠይቅ ግን መገናኛው ይሞቃል፣ ቮልቱ እዚያው ይቀራል። ዲናሞው የሚልከውም መሙያ በዚያው ስለሚያልፍ ባትሪው ሁልጊዜ ጎዶሎ ያድራል።

ተርሚናሉን በእጅዎ ያሽከርክሩት። በትንሹም ቢሆን ከዞረ ልቅ ነው። ሲፈቱ ኔጌቲቩን ያስቀድሙ፣ ሲያስሩ ኔጌቲቩን ያስከትሉ፤ አለበለዚያ መፍቻው ፖዘቲቩን ሲፈታ የመኪናውን ብረት ከነካ ብልጭታው ከባትሪው ከሚወጣው ጋዝ ጋር ይገናኛል። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ አንድ ሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ብርጭቆ ሙቅ ውሃ አሟሙተው ይጠቡት። ሶዳው የባትሪውን ሴል ውስጥ እንዳይገባ ክዳኖቹ መዘጋታቸውን ያረጋግጡ። ሁለቱንም ፊት በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ ይፈግፍጉ፣ ይሰሩና ከላይ ቫዝሊን ይቀቡ። ቫዝሊኑ ከማሰር በኋላ ነው እንጂ በፊት አይደለም። ልኩ የማይገጥም ከሆነ ትክክለኛውን ተርሚናል ይግዙ፤ ከባትሪ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የኔጌቲቩን ገመድ ሌላኛው ጫፍም አይርሱ፦ አንዱ ቅርንጫፍ ቦዲው ላይ፣ አንዱ ሞተሩ ላይ ይታሰራል። ቀለም ወይም ዝገት ላይ የታሰረ ማሳ (ይህ የኔጌቲቭ መገናኛ) ላዩን ሲያዩት ደህና ይመስላል።

የተጸዳው ነገር በርግጥ እያስተላለፈ መሆኑን የሚያሳየው ልኬት ሞተሪኖው እየዞረ ሳለ የሚወሰደው ነው። ሞተሩ እንዳይነሳ ኮፈን ሥር ካለው የፊውዝ ሳጥን «ኢኤፍአይ» የተባለውን ፊውዝ ይንቀሉ፤ ረዳትዎ በእያንዳንዱ ሙከራ ከ10 ሰከንድ በላይ እንዳያዞር፣ በመሀል ግማሽ ደቂቃ ያሳርፍ። መጀመሪያ ሁለቱን የባትሪ ጫፎች ይለኩ፤ ተርሚናሉን ሳይሆን ራሱን የእርሳሱን ጫፍ። በተሞላ ባትሪ ላይ ሲዞር ከ9.6 በታች መውረድ የለበትም። ከዚያ አንዱን ገመድ የባትሪው ኔጌቲቭ ጫፍ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ባዶ ብረት ላይ አድርገው ያዙሩ። ንባቡ ከ0.2 ቮልት ከበለጠ ማሳው ደካማ ነው። ቀጥሎ ከፖዘቲቩ ጫፍ እስከ ሞተሪኖው ወፍራም ቡሎን፤ እዚህ እስከ 0.5 ይታገሣል። አንድ ቮልት ካዩ አንዱ መገናኛ ወይም ገመዱ ራሱ ውስጡ ተበልቷል። ገመዱን መሀል ለመሀል እየለኩ ቢሄዱ ቮልቱ የሚዘልበት ቦታ በሽተኛው ነው። ይህ ልኬት ከማንኛውም ግምት ይበልጣል፤ ጋራዥ ሲሄዱ «የቮልት መውረድ ለካህ ወይ?» ብለው ቢጠይቁ ሰውየው ሥራውን ይችላል አይችልም የሚለውን በአንድ ጊዜ ያውቁታል።

የቀኑ ጠቅታም በዚሁ ዘዴ ይያዛል፤ ችግሩ ሲከሰት ቴስተሩ ዝግጁ መሆን አለበት እንጂ። ጠቅ ብሎ ዝም ባለበት ሰዓት የባትሪው ቮልት 12 ላይ ካልተነቃነቀ ኤሌክትሪኩ ጭራሽ አልሄደም ማለት ነው። ወደ 8 ወይም 9 ከወረደ ግን ወይ ባትሪው ደክሟል፣ ወይ ሞተሪኖው ተይዟል። አልወረደም እንበል። አሁን በሞተሪኖው ወፍራም ቡሎንና በሞተሪኖው አካል መካከል ይለኩ። እዚያ 12 ደርሶ ካልዞረ ጥፋቱ ሞተሪኖው ውስጥ ነው፤ ካልደረሰ ገመዱ ወይም ማሳው ነው። እግረ መንገድዎን ወደ ሞተሪኖው የሚሄደውን ቀጭን ገመድም ይለኩ፤ ቁልፍ ሲዞር ከ8 ቮልት በታች ከሆነ ጠቅታው የመጣው ከደካማ ትእዛዝ ነው። እዚህ ላይ ጂፒኤሱን ይጠርጥሩ። አንዳንድ ገጣሚ ሞተር ማጥፊያ ሪሌውን (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) የቁልፉን መስመር ቆርጦ በመሀል ያስገባና መገናኛውን በፕላስተር ብቻ ይጠቀልለዋል፤ የተጠማዘዘው ሽቦ ሲሞቅ ይላላል።

ሞተሪኖው ውስጥ ከሆነም ሙሉውን መቀየር ላያስፈልግ ይችላል። በብዙ ቶዮታ ላይ ያለው የዴንሶ ሞተሪኖ ሶሌኖይዱ (በማግኔት የሚሠራው ማብሪያ) ውስጥ ሁለት የመዳብ መገናኛዎች አሉት፤ ፕላንጀሩ (ማግኔቱ የሚስበው ብረት) ወጥቶ ሁለቱን ሲያገናኝ ነው ሞተሪኖው የሚዞረው። መዳቡ በየማስነሳቱ ትንሽ እየተቃጠለ በአንድ በኩል ይበላል፣ አንድ ቀን ፕላንጀሩ ደርሶ አይነካውም፤ ጠቅታው ይሰማል፣ ዙር የለም። ደግመው ሲሞክሩ ፕላንጀሩ በትንሹ ዞሮ ያልተበላውን ቦታ ስለሚያገኝ ይነሳል። «ሦስት አራቴ ስሞክር ይነሳል» ያሉት ከዚህ ጋር በደንብ ይገጥማል። በሙቀት ጊዜ የሚብሰውም የሶሌኖይዱ ጥቅል ሲሞቅ የመሳብ ኃይሉ ስለሚቀንስ ነው። የእርስዎ መኪና ላይ ያለው ሞተሪኖ ሶሌኖይዱ የሚከፈት ዓይነት ከሆነ መዳቦቹንና ፕላንጀሩን መቀየር ይበቃል፤ እግረ መንገድ ካርቦኖቹም (ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉት) ይታዩ። ከፈራረሰ መኪና የተፈታ ሌላ ሞተሪኖ መግዛትን አልመክርም፤ መዳቡ ምን ያህል እንደቀረው ሳይከፈት አይታወቅም፤ ከተከፈተ ደግሞ የራስዎን ቢሠሩት ይሻላል። በመዶሻ እጀታ ቀስ ብሎ መምታት መንገድ ላይ ለቆመ ሰው ቤት ያደርሳል፣ ጥገና ግን አይደለም።

አሁን ወደ ዲናሞው። ቁልፉን ሞተር ሳያስነሱ ሲከፍቱ የባትሪው ምልክት ደምቆ መብራት አለበት፤ ሲነሳ ሙሉ በሙሉ መጥፋት። ደብዘዝ ብሎ መቅረት ጤነኛ አይደለም። በአብዛኛው ያለቀ ካርቦን፣ ያፈተለከ ዳዮድ ወይም በመስመሩ ላይ የሚቀር ቮልት ነው። ሞተሩን አስነስተው ሁሉንም ዕቃ አጥፍተው ባትሪው ላይ ይለኩ፤ ከ13.8 እስከ 14.5 ይጠብቁ። በአዳማ የቀን ሙቀት ሬጉሌተሩ ራሱ ትንሽ ስለሚቀንስ 13.6 ቢያዩ አይደንግጡ። ከ15 ከበለጠ ሬጉሌተሩ ሄዷል፣ ባትሪውን እያፈላ ነው። ከዚያ የፊት መብራት፣ ኤሲና የኋላ መስታወት ማሞቂያ አብርተው ነዳጅ ሰጥተው 2000 ዙር አካባቢ ይያዙ። ከ13.2 በታች ከወረደ ዲናሞው ጭነቱን አልቻለም። ማታ ብቻ ምልክቱ የሚታይዎት ጨለማ ስለሆነ ሊሆን ይችላል፤ መብራቱ ስለበራና ጭነቱ ስለጨመረም ሊሆን ይችላል። ይህ ልኬት ሁለቱን ይለያል።

ባትሪው ላይ ዝቅ ካለ፣ ዲናሞው ጀርባ ባለው ወፍራም ቡሎን ላይ ይለኩ። እዚያ 14.3፣ ባትሪው ላይ 13.4 ከሆነ ዲናሞውን አይንኩት፤ በመሀል ያለው ገመድ ወይም ዋናው የዲናሞ ፊውዝ መገናኛ ነው የሚበላው። ሁለቱም ጋ እኩል ዝቅ ካለ ቺንጋውን (ዲናሞውን የሚያዞረውን ቀበቶ) ይመልከቱ፦ የሚያብረቀርቅ ጎን፣ ስንጥቅ፣ ጠዋት ሲነሳ የሚጮህ ድምፅ። በአውራ ጣት ጫን ሲሉት ከአንድ ሴንቲሜትር በላይ ከገባ ልል ነው። ዲናሞው ጀርባ የሚሰካው ባለሦስት ሽቦ ሶኬት ላይ ደግሞ አንዱ ሽቦ የባትሪውን ቮልት ለሬጉሌተሩ የሚነግር ነው፤ በብዙ ቶዮታ ላይ «አልት-ኤስ» የተባለ ፊውዝ አለው። እሱ ፊውዝ ተቃጥሎ ሙሉ ዲናሞ የተቀየረበት መኪና ጥቂት አይደለም።

ቺንጋውና ፊውዙ ደህና ከሆኑ ዲናሞው ይከፈት። አዲስ ካርቦን ከመያዣው ወደ 10.5 ሚሊሜትር ይወጣል፤ 1.5 ሚሊሜትር ሲደርስ አብቅቶለታል። ካርቦኑ፣ ሬጉሌተሩ፣ የዳዮዱ ሳህንና ኩሽኔታዎቹ ለየብቻ ይሸጣሉ፤ አዳማ ውስጥ ይህን የሚሠሩ ኤሌክትሪሺያኖች አይጠፉም። ኤሌክትሪሺያኑ የወጣውን አሮጌ ካርቦን እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። የዳዮድን መበላሸት በኤሲ ቮልት (ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ፣ የመኪናው ማቀዝቀዣ አይደለም) መለካት ይቻላል የሚል ምክር ታገኙ ይሆናል፤ በጥሩ ቴስተር እውነት ነው፣ ከግማሽ ቮልት በላይ ኤሲ ካለ ዳዮዱ ተበላሽቷል። ርካሹ ቴስተር ግን የባትሪውን ዲሲ ራሱ እንደ ኤሲ ቆጥሮ ሃያ ምናምን ቮልት ሊያሳይዎ ስለሚችል በእሱ አይፍረዱ። ቀላሉ መንገድ እጅ ነው፦ ሌሊቱን ቆሞ ያደረ መኪና ዲናሞ ጠዋት ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ለብ ካለ ዳዮዱ ሌሊቱን ሙሉ ወደ ኋላ ሲያስተላልፍ አድሯል።

የሰኞው ጉዳይ ይቀራል፤ ከሁሉ በላይ ትዕግሥት የሚጠይቀው እሱ ነው። አንድ ጤነኛ መኪና ቆሞ ሳለ ሰዓቱንና ኮምፒውተሩን ለማቆየት ከ20 እስከ 50 ሚሊአምፔር ይበላል። የእርስዎ 350 ይበላል እንበል። ዓርብ ማታ 12 ሰዓት ካቆሙት እስከ ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት 61 ሰዓት ነው፤ 0.35 በ61 ሲባዛ ከ21 አምፔር-ሰዓት በላይ ይሆናል። የቪትዝ ባትሪ በሙሉ አቅሙ ወደ 35 ነው። ከስልሳ በመቶ በላይ ሄደ ማለት ነው፣ ያውም ዓርብ ማታ ሙሉ ከነበረ። በሥራ ቀን ደግሞ በ13 ሰዓት አዳር 4.5 ይሄዳል፤ ደርሶ መልስ ሃያ ደቂቃ ኤሲ ከፍተው ባጃጅ መሀል ሲነዱ ዲናሞው ያንን መተካቱ ያጠራጥራል። 30 ሚሊአምፔር ብቻ ቢበላ ኖሮ ቅዳሜና እሁድ የሚጎድለው ከ2 አምፔር-ሰዓት በታች ነበር።

ልኬቱ እንዲህ ነው። ቁልፉን አውጥተው፣ ስክሪኑን አጥፍተው፣ የሾፌሩን በር ከፍተው የጣራ መብራቱን የሚያበራ የሚያጠፋውን የበሩን ማብሪያ እንደተጫነ በማስያዝ የተዘጋ ያስመስሉት፤ በሩ ክፍት ሆኖ መኪናው ግን የተዘጋ እንዲመስለው። የባትሪውን ኔጌቲቭ ይፍቱና ቴስተሩን በ10 አምፔር ቀዳዳና መራጭ በመሀል ያስገቡት። ቴስተሩ በመሀል ሳለ ሞተር ለማስነሳት አይሞክሩ፣ የፊት መብራትም አያብሩ። መጀመሪያ ከፍ ያለ ቁጥር ይታያል፤ ኮምፒውተሩና ስክሪኑ እስኪተኙ ግማሽ ሰዓት ይስጡት። ከዚያም 0.05 እና በታች ከሆነ የሚበላ ነገር የለም። 0.35 ካለ ቤቱ ውስጥ ሌባ አለ።

ሌባውን ለመያዝ ፊውዝ እየነቀሉ ቁጥሩ የሚወርድበትን ማየት የተለመደው መንገድ ነው። ችግሩ ነቅለው ሲመልሱ የተኛው ኮምፒውተር ይነቃና ቁጥሩ ያምታታል። የተሻለው ፊውዙን ሳይነቅሉ መለካት ነው። ኔጌቲቩን መልሰው ይሰሩ፣ መኪናው እንደገና ይተኛ፤ ቴስተሩን ወደ ቮልት ቀዳዳ መልሰው 200 ሚሊቮልት ላይ ያድርጉት። በእያንዳንዱ ፊውዝ ጀርባ ላይ ሁለት ትንንሽ የብረት ነጥቦች ተገልጠው ይታያሉ፤ የቴስተሩን ሁለት ጫፍ በነሱ ላይ ይጫኑ። ፊውዙ ውስጥ ምንም ካላለፈ 0.0 ነው። በትንሹ ባለ 10 አምፔር ፊውዝ ላይ አንድ ሚሊቮልት ማለት በግምት 130 ሚሊአምፔር እያለፈ ነው፤ ባለ 15 ላይ ወደ 220። ስለዚህ ባለ 10ው ላይ 2.7 ካዩ የጠፋውን 350 አገኙት።

ከሁሉ በፊት የምጠረጥረው ስክሪኑን ነው። ከስክሪኑ የሚወጣው ቢጫ ሽቦ ቋሚ ኤሌክትሪክ የሚወስድ፣ ቀዩ ደግሞ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ የሚያገኝ ነው። ብዙ ገጣሚዎች የቁልፉን መስመር መፈለግ ሲሰለቻቸው፣ ወይም ባለቤቱ ያለ ቁልፍ ዘፈን እንዲሰማ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ያስሩና ይሄዳሉ። ስክሪኑ ጨልሞ ይታያል፣ ውስጡ ያለው ኮምፒውተር ግን አልተኛም። በብዙ ቶዮታ ላይ የቴፑ ቋሚ መስመር ከጣራ መብራቱ ጋር «ዶም» በተባለው ፊውዝ ስለሚያልፍ ሚሊቮልቱን እዚያ ቀድመው ይፈልጉ። ማረጋገጫው ቁልፍ ወጥቶ ቀዩ ሽቦ ላይ መለካት ነው፦ 12 ቮልት ካለ ግንኙነቱ ስህተት ነው፣ 0 መሆን ነበረበት። በሽቦ ቀለም አይመኑ፤ የፊተኛው ገጣሚ ምን አስሮ እንደሄደ አይታወቅምና ሁሉንም ይለኩ። ለድምፅ ማጉያ የሚሄደው የማስነሻ ሽቦም በዚሁ ስህተት ይታሰራል።

ጂፒኤሱ ተኝቶ ሳለ ጥቂት ሚሊአምፔር ብቻ መውሰድ አለበት። የማይተኛ ርካሽ ዓይነት ከሆነ ወይም ሲግናል በሌለበት ጊቢ ውስጥ ሲፈልግ የሚያድር ከሆነ ግን ይበላል። ብዙ ጊዜ በቀጥታ ባትሪው ላይ ስለሚታሰር በፊውዝ ሳጥኑ ልኬት አይታይም። ሁሉም ፊውዝ ዜሮ ብሎ ጠቅላላው ቁጥር አሁንም ከፍ ካለ የቀሩት ሁለት ናቸው፦ በቀጥታ የታሰረ ዕቃና የዲናሞው ዳዮድ። ዳዮዱን ለመለየት ኔጌቲቩን ፈትተው የዲናሞውን ወፍራም ገመድ ከቡሎኑ ያውጡ፣ ብረት እንዳይነካ በፕላስተር ይጠቅልሉት፣ ቴስተሩን እንደገና በአምፔር በመሀል ያስገቡ። ቁጥሩ ከወረደ ማታ ደብዘዝ የሚለው ምልክትና የሰኞው ችግር አንድ ጌታ አላቸው። የኋላ ዕቃ ማስቀመጫው መብራት ሲዘጋ መጥፋቱን ስልክዎን ቪድዮ ላይ አድርገው ውስጥ አስገብተው ይዩ፤ ተራ ነገር ነው፣ ግን ይገድላል።

ያለዎትን ባትሪ ገና አይጣሉት። ከመኪና ወደ መኪና አስነስቶ መንዳት አይሞላውም፤ ሞጆ ደርሰው ቢመለሱም ግማሽ ባዶ የሆነ ባትሪ ሙሉ አይሆንም። በቻርጀር ከ3.5 እስከ 4 አምፔር ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይሞላ፤ በከፍተኛ አምፔር በአንድ ሰዓት እንሞላለን የሚሉዎትን ይተዉ፣ ሰሌዳውን ያጣምማል። ክዳኑ የሚከፈት ከሆነ የሰሌዳዎቹ ጫፍ መሸፈኑን ይዩ፤ ሲጎድል የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው። የቧንቧ ውሃ አይሆንም፣ አሲድም አይሆንም፤ የሚተነው ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለምና አሲድ በጨመሩ ቁጥር ሰሌዳውን ያስበሉታል። ከሞላ በኋላ 12 ሰዓት አርፎ 12.5 እና በላይ ከያዘ፣ ሲያስነሱም ከ9.6 ካልወረደ ባትሪው በሕይወት አለ።

መግዛት ግድ ከሆነ ቴስተሩን ይዘው ይሂዱ። መደርደሪያ ላይ ያለው የታሸገ ባትሪ ከ12.4 በታች ካሳየ ብዙ ቆይቷል፣ ሌላ ይምረጡ። ደረቅ ሆኖ መጥቶ እዚያው አሲድ የሚሞላበት ዓይነት ከሆነ ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲጠጣ ይተውና በቻርጀር ተሞልቶ ይሰጥዎ፤ አሲድ ተሞልቶ ወዲያው የሚገጠም ባትሪ ከመጀመሪያው ቀን ጎዶሎ ነው። የጫፉን ውፍረትና ፖዘቲቩ ያለበትን ጎን ከአሮጌው ጋር ያስተያዩ።

ጥገናው ሲያልቅ ዓርብ ማታ መኪናውን ካቆሙ ከሁለት ሰዓት በኋላ ቮልቱን ጽፈው ይያዙ፣ ሰኞ ጠዋት ሳያስነሱ ደግመው ይለኩ። ልዩነቱ ከ0.1 ካልበለጠ የሚበላው ነገር ቆሟል። 0.3 ከሆነ ወደ ፊውዞቹ ይመለሱ፤ ስክሪኑ ከተስተካከለ ቀጣዩ ተራ የጂፒኤሱ ነው፣ ለአንድ ሳምንት ነቅለው ይሞክሩ።